ለጸሎት ነው የነገርኳቸው

ይህን ገጠመኜን ልጽፍ ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። አሁን የምጽፈው ሰው ለመክሰስ አይደለም። ያሻገረኝን አምላክ ላመሰግን ነው። ከምን እንደተሻገርኩ ካልተናገርኩ ግን ምስጋናዬ ጎዶሎ ይሆንብኛል።

ወታደራዊው መንግሥት ከወደቀ ስምንት ዓመት ገደማ ሆኖ ነበር። ቦንጋ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። ባለቤቴ ከሀድያ ተመድቦ የመጣ የሒሳብ መምህር ነው። አንድ ልጅ አለችን፤ ሊዲያ፣ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ረቡዕ የእህቶች ጸሎት፣ በቀረው ቀን ሥራና ቤት። ሰው ስለ እኔ የሚያውቀው ይህን ያህል ነበር።

የማያውቀው እኔ ማንጆ መሆኔን ነው። ከፋ ውስጥ ይህን ቃል የሰማ ማብራሪያ አይጠይቅም። ሌላ አገር ላላችሁ ግን ባጭሩ ልንገራችሁ። ማንጆ ከጫካው ዳር የሚኖር፣ ከሰል የሚያከስል፣ እንጨት የሚሸጥ፣ ድሮ ደግሞ በአደን ይኖር የነበረ የዚያው የከፋ ሰው ነው። ቋንቋው ያው ነው። ነገር ግን ከሌላው ቤት አይገባም ነበር። ከሌላው ጋር አይጋባም፣ አብሮ አይበላም ነበር። ማን እንደደነገገው አላውቅም።

ስምንት ዓመት ሲሆነኝ እግሬ ቆስሎ ልሞት ደረስኩ። ደካ በምትባለው የገጠር ከተማችን በኩል ያልፍ የነበረ አንድ ወንጌላዊ ከእናቴ እጅ ተቀብሎ ቦንጋ አመጣኝ። እሱና ሚስቱ አሳከሙኝ፤ አስተማሩኝ፤ እንደ ልጃቸው አሳደጉኝ። ለጠየቀ ሁሉ "ወላጅ የሌላት ናት" ይሉ ነበር። ለእኔ አስበው ነው። እኔም ያንኑ ቃል ከእነሱ ተቀብዬ፣ እነሱ ካረፉም በኋላ እየደገምኩ ኖርኩ። አባቴ ሞቷል። እናቴ ግን ነበረች።

ይህን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ታደለች የጸሎት ጓደኛዬ ናት። በእኛ ቤተ ክርስቲያን እህቶች ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንጸልየው። ዓርብ ማታ ማታ ተንበርክከን ለባሎቻችን የማንነግረውን እንነጋገራለን። ከጉልበታችን ስንነሳ የተባለው እዚያው ይቀራል። ልማዱ ይህ ነው።

"ታዱ፣ አንድ የጸሎት ርዕስ አለኝ" አልኳት አንድ ዓርብ። "እናቴ በደካ በኩል አለች። ማንጆ ናት። ሄጄ ላያት እፈራለሁ። ድፍረት እንዲሰጠኝ ጸልዪልኝ።"

አቅፋኝ አለቀሰች። "ከእኔ አያልፍም" አለችኝ። ለስድስት ዓመት ከእሷ አላለፈም።

ክረምቱ መግቢያ ላይ ቤተ ክርስቲያናችን ለወጣቶች የሦስት ቀን ካምፕ አዘጋጀ። ቦታው ከቦንጋ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል የሚወስድ፣ ከአንድ ፏፏቴ አጠገብ ያለ ሜዳ ነው። ስልሳ ያህል ወጣቶች መጡ። እኔና ታደለች፣ እትዬ ወርቄ የሚባሉ አዛውንትና ሌሎች ሁለት እህቶች ምግብ ልናበስል አብረን ሄድን። ሁለተኛው ቀን የጫካ ጉዞ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አሥራ አንድ ልጆች ከፏፏቴው ሥር ይጠመቃሉ። ሊዲያ አንዷ ናት። ያን ቀን ከተወለደችበት ዕለት ጀምሮ ስጠብቀው ነበር።

ጠዋት እኔ ያገነፋሁትን ገንፎ በልተው በየቡድናቸው ተሰለፉ። ጨዋታው እንዲህ ነው፤ ጥቅሶች በወረቀት ተጽፈው በጫካው ውስጥ በየዛፉ ታስረዋል፤ ብዙ ያገኘ ቡድን ያሸንፋል። ቡድኖቹ ከአንድ አዋቂ ጋር ስለሚሄዱ እኔ ከሊዲያ ቡድን ጋር ሄድኩ።

ሌሊት ዘንቦ ጫካው ያንጠባጥባል። ጉሬዛዎች ከላይ ቅርንጫፍ ሲያናውጡ ውሃው በጭንቅላታችን ላይ ይወርዳል፤ ልጆቹ ይጮሃሉ። አንዱ አልቅት ከቁርጭምጭሚቱ ሲነቅል፣

"በደም የተገዛ ነኝ ብያችሁ የለ!" አለ።

"ዝም በል፣ አልቅቱ ሳይቀር ቀምሶ ተፋህ" አለችው ሊዲያ። ሳቁ ጫካውን ሞላው።

ወንዙን የሚያሻግረው አንድ የወደቀ ግንድ ነው፤ የዛፍ ሽበት ለብሶ ያዳልጣል። ልጆቹ ፈሩ። ሊዲያ ጫማዋን አውልቃ፣ አንገቷ ላይ አስራ፣ እጆቿን ዘርግታ ተሻገረች። ከዚያ ተመልሳ አንድ በአንድ አሻገረቻቸው። መጨረሻ ላይ እኔን ያዘችኝ።

"እማ፣ ወደ ታች አትዪ። እኔን እዪ።"

እሷን እያየሁ ተሻገርኩ። ጌታ ሆይ፣ ተመስገን አልኩ በልቤ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለምሳ ተመለስን። ውሃ አንሷል ሲሉኝ ሁለት ጀሪካን ይዤ ወደ ምንጩ ወረድኩ። ግማሽ ሰዓት ብቆይ ነው። ስመለስ ድስቶቹ ዙሪያ የነበረው ወሬ ቆመ። ጀሪካኑን አስቀምጬ ጭልፋ ላነሳ ስል እትዬ ወርቄ ቀድመው ያዙት።

"አንቺ ደክሞሻል፤ አረፍ በይ።"

"አልደከመኝም፣ እትዬ።"

"ግድ የለም። አረፍ በይ።"

ዓይኔን አላዩኝም። ለምን ይሆን ብዬ ወደ ልጆቹ ዞርኩ። ልጆቹ የሚበሉት ለስድስት ለስድስት ሆነው ከአንድ ትሪ ነው። የሊዲያ ቡድን ትሪውን ከቦ ተቀምጧል። ሊዲያ ግን አልነበረችም። ፈንጠር ብላ ከአንድ ዛፍ ሥር ብቻዋን ተቀምጣ በኮባ ቅጠል የቀረበላትን ሩዝና ጎመን በእጇ ትበላለች። ስታየኝ ቅጠሉን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ፊቷ ያበራል።

"እማ! ለእኔ በቅጠል ሰጡኝ! ዛሬ የምጠመቀው ስለሆንኩ ነው መሰለኝ።"

ለማንጆ ምግብ የሚሰጠው በቅጠል ነው። ከበላ በኋላ ዕቃ እንዳይታጠብ፣ ቅጠሉ እንዲጣል። ትንሽ ልጅ ሆኜ ከሰው ደጅ ስንቴ በቅጠል በልቻለሁ! እሷ ይህን አታውቅም፤ እኔ ነኝ እንዳታውቅ ያደረግኳት።

በዚህ ዓለም ላይ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ታደለችን ከማብሰያው ድንኳን ጀርባ አገኘኋት። የጥምቀቱን ነጫጭ ልብሶች ታጣጥፋለች። በእጇ የሰፋቻቸው እሷ ናት።

"ታዱ፣ ምን አልሽ?"

"ምን አልኩ?"

"ልጄ በቅጠል እየበላች ነው።"

እጇ ቆመ። "ለጸሎት ነው የነገርኳቸው" አለች።

ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

"እውነቴን ነው። ሸክም ሆነብኝ። አምስት እህቶች ነን፣ በአንድ ልብ እንጸልይበት ብዬ ነው። እትዬ ወርቄ እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ መች አሰብኩ?"

"ስድስት ዓመት ተሸክመሽው የለም? ዛሬ ምን አከበደው?"

መልሷ ባይመጣ ይሻል ነበር።

"ሳሙኤል ትናንት ምን አለኝ መሰለሽ? ሊዲያ ትምህርቷን ስትጨርስ አገባታለሁ አለኝ።" ሳሙኤል የበኩር ልጇ ነው፤ የመዘምራኑ ጊታር ተጫዋች። "እኔ ምንም የለብኝም፤ በጌታ አንድ ነን። ግን ዘመዶቼስ? ወንድሞቼ ቤቴን ይረግጣሉ? እኔም እኮ እናት ነኝ።"

"ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

"እንዳይከፋሽ ብዬ…"

አብረን የተንበረከክንበት ዓርብ ሁሉ በዓይኔ ዞረ። ያ ሁሉ ጊዜ እኔ ለእግዚአብሔር እነግራለሁ ስል እሷ ዘንድ ተቀምጦ ኖሯል።

"የጸለይሽበት ከሆነ ደግ" አልኳት። "ቅጠሉን ግን ጸሎት አላመጣውም።"

ትቻት ሄድኩ። የቀረኝ ጊዜ ጥቂት ነበር። ጥምቀቱ ሊጀመር ነው፤ ልጄ ከእኔ ካልሰማች ከሌላ ትሰማለች።

ሊዲያ ቅጠሉን ጨርሳ እጇን ትታጠባለች። ውሃ የምታፈስላት ልጅ ኩባያውን ከእጇ አርቃ ከላይ ነው የምታወርደው። የሊዲያን እጅ ይዤ ወደ ዛፎቹ ወሰድኳት።

"ሊዱ፣ ያ ቅጠል ስጦታ አይደለም።"

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ማንጆ፣ ስለ እግሬ፣ ስለ ወንጌላዊው፣ ስለ እናቴ። ብዙ አልፈጀም፤ ሠላሳ ዓመት የደበቅኩት በአሥር ደቂቃ አለቀ። ቦንጋ ተወልዳ ያደገች ናትና ማንጆ የሚለውን ቃል ታውቀዋለች። ትምህርት ቤት በስድብነት ሰምታዋለች። አንድ ቀን ቤት ይዛው መጥታ ተቆጥቻታለሁ።

አቋረጠችኝ። "አያቴ አልሞተችም?"

"አልሞተችም።"

"አባዬ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"እትዬ ታደለችስ?"

"ታውቃለች።"

"ለእትዬ ታደለች ነግረሽ ለእኔ አልነገርሽኝም?"

እስከዚያ ድረስ የተከዳሁት እኔ ነበርኩ። በዚያች ጥያቄ ከዳተኛዋ እኔ ሆንኩ። ልጄ ዓይኖቿን ከእኔ ላይ አነሳች። እንደ ጠዋቱ "እኔን እዪ" ልላት አልቻልኩም።

ከፏፏቴው በኩል መዝሙር ተጀመረ። ተጠማቂዎቹ እየተጠሩ ነው። ሊዲያ ተነሳች።

"አትሂጂ" አልኳት።

"የምጠመቀው ለእነሱ ነው እንዴ?" አለችኝና ሄደች።

ነጩን ልብስ ለብሳ ተሰለፈች። በስም ዝርዝሩ ሁለተኛ ናት። የሚያጠምቀው ከሌላ ከተማ የተጋበዘ ወንጌላዊ ነው። ምንም የሰማው ነገር የለም፤ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይስቃል። የመጀመሪያዋ ልጅ ገብታ ወጣች። የወጣቶቹ መሪ ወንድም ግርማ ወደ ሊዲያ ጠጋ አለ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሴቶቹ ልከውት እንደሆነ ከፊቱ ታወቀኝ።

"ሊዱ… አንቺ መጨረሻ ብትሆኚ።"

"ለምን?"

"እንዲሁ፣ ለሥርዓቱ።"

"ሁለተኛ አልነበርኩም?"

"ነበርሽ። ግን እናቶች…" ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ሊዲያ ግን ድምፅዋን አልቀነሰችም። "ወንድም ግርማ፣ ውሃው እኮ ይፈስሳል። ከእኔ በኋላ የሚገባው ሌላ ውሃ ነው የሚያገኘው።"

መዝሙሩ ተሸራርፎ ቆመ። የፏፏቴው ድምፅ ብቻ ቀረ። ወንጌላዊው ከውሃው ውስጥ "ምንድን ነው? ቀጣይ!" ይላል። ሊዲያ ወደ ሳሙኤል አየች። እኔም አየሁት። እሱ የጊታሩን ክር እያጠበቀ ነበር፤ የተፈታ ክር ግን አልነበረም።

"እትዬ ታደለች" አለች ልጄ፣ "እርስዎ ይንገሩኝ። ለምን መጨረሻ?"

ታደለች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። "ልጄ፣ ሁሉም ለበጎ ነው።"

ሊዲያ ነጩን ልብስ በራሷ ላይ አወለቀች። ከሥሩ ጠዋት የለበሰችው ጭቃ የነካው ቀሚስ አለ። ልብሱን በአራት አጥፋ ለታደለች በሁለት እጇ ሰጠቻት።

"ዛሬ አልጠመቅም። ለቀጣይዋ ይሁን፤ አልረጠበም።"

ሜዳውን አቋርጣ ወደ መንገዱ ወጣች። ተከተልኳት። ከኋላችን አንድ ሰው ይመጣል ብዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ሃያ ዓመት አብሬያቸው የዘመርኩ፣ ልጆቻቸውን ያጠብኩ፣ ለቅሷቸው ላይ ያደርኩ ሰዎች ናቸው። ማንም አልመጣም። ትንሽ ቆይቶ መዝሙሩ ከቆመበት ቀጠለ።

ሁለት ሰዓት በዝናብ ተጓዝን። እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ።

ባለቤቴ የተማሪዎች ደብተር እያረመ ነበር። ጭቃችንን አይቶ ተነሳ። ቆሜ ነገርኩት። ስጨርስ ፊቱን እያየሁ ጠበቅኩ።

"እና?" አለኝ።

"ምን እና አለው? ይኸው ነው።"

"ይኸው ከሆነማ እርጥቡን ልብስ ቀይሩ፤ ትታመማላችሁ።"

አሥራ ስምንት ዓመት የፈራሁት ይህ ነበር። ልስቅም ላለቅስም አልቻልኩም። ሊዲያ ግን ልብስ ሳትቀይር በሩ ላይ ቆማ፣

"ነገ ደካ እሄዳለሁ" አለች። "ትመጫለሽ ወይስ ብቻዬን ልሂድ?"

በማግስቱ በጭነት መኪና ተሳፍረን ሄድን። ደካ ወርደን በእግር ወደ ጫካው ዳር አቀናን። መንገዱን ረስቼዋለሁ፤ እየጠየቅን ነው የሄድነው። መንደሩ አጠገብ ስንደርስ የከሰል ጆንያ ለሚሰፋ ሰው የእናቴን ስም ነገርኩት፤ በእጁ ጠቆመን።

"ያቻት፣ እንጨት ተሸክማ የምትመጣዋ።"

ቀጭን አሮጊት ናት። ጎንበስ ብላ ትመጣለች። መንገዱ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ነው። እኛን ስታይ፣ ጫማችንን፣ ጃንጥላችንን ስታይ፣ ከመንገዱ ወጥታ እርጥቡ ሣር ውስጥ ገባች። ሸክሟን ሳታወርድ ራሷን ዝቅ አድርጋ "አፈር ልሁንላችሁ" አለችን፤ ማንጆ ለጌታው እንደሚለው። እናቴ ለእኔ መንገድ ለቀቀች።

እኔ ደርቄ ቀረሁ። ሊዲያ ነች ከመንገዱ ወርዳ ሣሩ ውስጥ አጠገቧ የቆመችው። እንጨቱን ከጀርባዋ ላይ አወረደችላት። አሮጊቷ ደነገጠች፤ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም።

"እማዬ" አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እግሬ ላይ፣ የድሮ ጠባሳዬ ላይ ወረደ። ከዚያ ጆንያ ወደሚሰፋው ሰውዬ አይታ ጮክ ብላ፣

"ተሳስተሻል፣ እመቤቴ። እኔ ልጅ የለኝም" አለች።

ሰውዬው ሥራውን ይዞ ራቅ እስኪል ድረስ አልተንቀሳቀሰችም። ሲሄድ እጄን ያዘች። እጇ እንደ ቅርፊት ሻካራ ነው።

"ማን አየሽ?" አለችኝ በሹክሹክታ። "ሰው ሳያይሽ ሂጂ። ቦንጋ እንዳለሽ አውቃለሁ። ባል እንዳገባሽ፣ ልጅ እንደወለድሽ አውቃለሁ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለማንም።"

ሣሩ ላይ ተቀመጥን፤ ሦስታችንም። አልሄድንም።

ይኸው ነው ታሪኬ። የምታነቡ ወገኖቼ፣ ሰው በጸሎት ስም የሰጣችሁን ነገር ለሌላ ሰው በጸሎት ስም አታሳልፉ። እግዚአብሔር እንደሆነ ያለ አምስት ምስክር ይሰማል። ከልጃችሁ የደበቃችሁት ነገር ካለ ደግሞ ራሳችሁ ንገሩት። እኔ ቀድሜ ብነግራት ኖሮ ልጄ ያንን ቅጠል ደስ ብሏት አትበላም ነበር። ይህ እስካሁን ያቃጥለኛል።

ሊዲያ ለብዙ ጊዜ እንደ ጥንቱ አላወራችኝም። አልተቆጣኋትም፤ ጠበቅኳት። ከሁለት ዓመት በኋላ ከእናቴ መንደር በታች ባለው ወንዝ ተጠመቀች። በዚያ ቀን የተጠመቁት ሰባት ነበሩ፤ ስድስቱ ማንጆ ናቸው። ማን ፊት ማን ኋላ እንደነበረ አላስታውስም። እናቴ ቦንጋ መጥታ ከእኛ ጋር አራት ዓመት ኖራ በአልጋዬ ላይ አረፈች። ለዚህ ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን። እሱ ባያደርገው ያቺን መንገድ በራሴ ድፍረት አልሄዳትም ነበር።

ታደለች ከዓመታት በኋላ ቤቴ መጣች። አልቅሳ ይቅርታ ለመነችኝ። ከልቤ ይቅር አልኳት፤ ምሳ በአንድ ትሪ በላን። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ "የጸሎት ርዕስ ካለሽ…" አለችኝ።

"የለኝም" አልኳት።